ከገጠር የመጡ አቦርጂናል ታካሚዎች በከተማ ሆስፒታል፦ ክብራቸውንና ገመናቸውን ማን ይጠብቅላቸው?

የማታ ነርስ (አደላይድ)

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። አውስትራሊያ ውስጥ በነርስነት፣ በአረጋውያን እንክብካቤና በሹፌርነት የምትሠሩ እዚህ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ልቤ ውስጥ የቆየ ነገር ላንሳ።

የምሠራው በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ነው። ከደቡብ አውስትራሊያ ሰሜን ምዕራብ ጥግ ፒትጃንትጃትጃራ ከሚናገሩ መንደሮች፣ ከአሊስ ስፕሪንግስ ዙሪያ፣ አንዳንዴም ከዳርዊን ማዶ የሚላኩ አቦርጂናል (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ) ታካሚዎች ይመጡልናል። ከሰሜን ቴሪቶሪ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ወደ አደላይድ ወይም ወደ ሜልቦርን ነው የሚላከው። ብዙዎቹ በልጅነት በጉሮሮ ሕመም ጀምሮ የልብ ቫልቫቸውን ያበላሸ የሩማቲክ በሽታ አለባቸው። እኛም አገር ስንቱን ወጣት የቀጨ በሽታ ነው፤ ታውቁታላችሁ።

ሕክምናው ጥሩ ነው። እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። የሚያንገበግበኝ ሰዎቹ አልጋ ከያዙ በኋላ የሚደርስባቸው ነገር ነው።

አንድ ክፍል፣ አራት አልጋ፣ በመሃል የጨርቅ መጋረጃ። ወንድና ሴት አንድ ክፍል የሚተኙበት ጊዜ አለ። ጠዋት የሐኪሞቹ ራውንድ ይመጣል። ስፔሻሊስቱ ከፊት፣ ሬዚደንቶቹ ከኋላ፣ ተማሪዎቹ ጥግ ላይ። አልጋው ላይ ያሉት እማማ በአገራቸው ሰው ሁሉ የሚሰማቸው፣ ለወጣቶቹ የሴቶችን ሥርዓት የሚያስተምሩ ትልቅ ሴት ናቸው። አንድ ልጅ እግር ሐኪም ግርጌያቸው ቆሞ ጮክ ብሎ ይጠይቃል። ሽንት ያቃጥላል ወይ? ደም ይታያል ወይ? የወር አበባ መቼ ቆመ? ከመጋረጃው ማዶ ሰው አለ። ወንድ ነው። ምናልባትም የዚያው አካባቢ ሰው። እማማ አንሶላውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቡድኑ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። መዝገባቸው ላይ ለጥያቄ መልስ አልሰጡም ተብሎ ተጻፈ።

በእነሱ ዘንድ የሴት ጉዳይ በወንድ ፊት አይነሳም፤ የወንድም በሴት ፊት። ይህ የአባት የእናት ሕጋቸው ነው። እዚያ ግርግር ውስጥ መልስ ቢሰጡ ኖሮ ራሳቸውን ያዋርዱ ነበር።

እማማ ከቀናት በኋላ ሌሊት ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ። "ያለ ሐኪም ፈቃድ ወጥተዋል" ተባለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ አልጋው ተነጠፈ፣ ሌላ ሰው ገባበት። ለምን እንደሄዱ የጠየቀ የለም።

እኔ እንደሚገባኝ ታካሚ ጥሎ ሲወጣ አፍ አውጥቶ ያልነገረንን ነገር እየነገረን ነው። እናንተ ጋ እንዴት ነው? ሠርቶ ያያችሁት ነገር ካለ አካፍሉኝ።

የፐርዝ ሹፌር

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ ታካሚ በማመላለስ ሥራ ላይ ነኝ። ከኪምበርሌ፣ ከምዕራብ አውስትራሊያ ሰሜን ጫፍ፣ የሚመጡትን ከኤርፖርት እቀበላለሁ። እዚያ ያለችው ኩናናራ ከፐርዝ በመኪና ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ነው። በሐምሌ ፐርዝ ሲደርሱ ግን ብርድና ዝናብ ይቀበላቸዋል። በነጠላ ጫማና በካናቴራ የሚወርዱ አሉ። በአስቸኳይ ተጭኖ የመጣ ሰው ደግሞ ሲወጣ የራሱ ልብስ የለውም።

አንድ አባት ከሆስፒታል ወደ ማረፊያ ቤት አደረስኳቸው። በሩ ላይ ደርሰን መኪናውን ከፈትኩ። አይወርዱም። "ደርሰናል አባቴ" አልኳቸው። ዝም። በኋላ ነው የገባኝ። የለበሱት ከጀርባው በክር የሚታሰረውን የሆስፒታል ጋውን ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ሴቶች ተቀምጠዋል። ጃኬቴን አውልቄ ወገባቸው ላይ ሸብ አደረግኩላቸው። ያኔ ወረዱ። የታመመ ሰው ከታመመው ገላው ይልቅ ስለ እርቃኑ ሲጨነቅ ማየት ያሳዝናል።

ሌላው የአስታማሚ ነገር ነው። መንግሥት ለሩቅ ታካሚ ትኬትና ማደሪያ የሚከፍልበት ፕሮግራም አለ፤ ፓትስ ይሉታል። አስታማሚ ግን ካልተፈቀደ አይመጣም። የኛ ሰው ከገጠር ጥቁር አንበሳ ሲላክ ብቻውን ይመጣል እንዴ? ወንድሙ ኮሪደር ላይም ቢሆን አብሮት ያድራል። እዚህ ግን ከተማ አይተው የማያውቁ እናት ብቻቸውን አውሮፕላን ይሳፈራሉ።

ቀጥተኛው (ሜልቦርን)

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ክብር ለሁሉም ታካሚ ነው። መጋረጃው ለነጩም ለእኛም ያው ጨርቅ ነው። ሆስፒታሎች ሰው አጥሯቸዋል፤ ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ሰዓታት የማይጠብቅ የለም። እኛም ቋንቋ ሳንችል መጥተን ተላምደናል። ለአንድ ሕዝብ ለብቻው ሥርዓት ይዘርጋ ማለት እንዴት ይሆናል? ክፉ ማሰቤ አይደለም፤ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ሐኪም ከአሊስ

ወንድሜ ቀጥተኛው፣ ጥያቄህ የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ በደንብ ልመልስልህ።

እኛ መርጠንም ይሁን ተገደን ተሰደን መጣን። እነሱ አገራቸው ውስጥ ናቸው። ከአውስትራሊያ ሕዝብ 4 በመቶ እንኳን አይሞሉም፤ እዚህ ሰሜን ቴሪቶሪ ግን ከነዋሪው ሩብ በላይ ናቸው፤ ሆስፒታሎቻችን ውስጥ ደግሞ ከተኙት ታካሚዎች አብዛኞቹ እነሱ ናቸው። ስለዚህ "ለየት ያለ ሥርዓት" የምትለው እዚህ የአብዛኛው ታካሚ ፍላጎት ነው።

ሁለተኛ፣ ሆስፒታል ለእነሱ ምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ከካርናርቮን ከተማ ማዶ በርኒየር እና ዶር የሚባሉ ሁለት ደሴቶች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1919 የአባለዘር በሽታ አለባቸው የተባሉ አቦርጂናሎች በፖሊስ እየታፈሱ ወደዚያ ተወስደዋል። በሰንሰለት ታስረው የተጓዙ አሉ። ወንዶቹ በአንዱ ደሴት፣ ሴቶቹ በሌላው። ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። ያም ስሙ ሆስፒታል ነበር። ደርቢ አጠገብ የነበረው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማቆያ ደግሞ ከ1936 ጀምሮ እስከ 1986 ሠርቷል። 1986 ሩቅ አይደለም። ዛሬ አልጋችን ላይ የሚተኙት አያቶች እናታቸው ወይም አጎታቸው ሲወሰዱ ያዩ ናቸው። በብዙ ከተሞች ለአቦርጂናሎች ለብቻ የተለየ ክፍል ነበር፤ በረንዳ ላይ የሚተኙበትም ጊዜ ነበር።

ከዚያ በላይ የተነጠቁ ልጆች ታሪክ አለ። ከእናታቸው እቅፍ የተወሰዱ፣ አንዳንዶቹም ከተወለዱበት ሆስፒታል ሳይወጡ። በ1997 በዚህ ላይ ትልቅ ብሔራዊ ሪፖርት ወጣ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ በፓርላማ ይቅርታ የጠየቁት የካቲት 2008 ላይ ነው። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው ፊት አምስት የማያውቃቸው ሰዎች ወረቀት ይዘው ሲቆሙ ምን ይሰማዋል? አንዲት ወጣት እናት የሕፃኗን ክብደት በጠየቅናት ቁጥር ትሸማቀቅ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሳገኛት ነው አያቷ ምን እንዳስጠነቀቋት የነገረችኝ።

መጋረጃው ያው ጨርቅ ነው ላልከው፣ እውነት ነው፣ ጨርቁ ያው ነው። ከጨርቁ ማዶ ያለው ሰው ግን ለአንዳንዱ ታካሚ በሥርዓቱ ፊት ለፊት ሊያየው የማይገባ ዘመዱ ሊሆን ይችላል። በብዙ ማኅበረሰቦች አማችና የሚስት እናት አይነጋገሩም፤ አንድ ክፍል ውስጥም አይቀመጡም። እኛ ግን አልጋ ተገኘ ብለን ጎን ለጎን እናስተኛቸዋለን።

አስተርጓሚዋ

እኔ የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። ሜልቦርን ውስጥ አንዲት እናታችን ድንገተኛ ክፍል ብትገባ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ በስልክ ታገኘኛለች። ለስደተኛ ቋንቋዎች የፌዴራል መንግሥት የስልክ አገልግሎት አለ። የአቦርጂናል ቋንቋዎች ግን ሌላ መንገድ ነው ያላቸው። የሰሜን ቴሪቶሪው የአቦርጂናል አስተርጓሚዎች አገልግሎት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ለዘመናት የተነገሩ ቋንቋዎች ናቸው እንግዲህ። ይህን ሳስብ እኔን ራሴን ያሳፍረኛል።

ስለ ገመና ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ሙያ "ዘመድ አያስተርጉም" የሚል ጥሩ ሕግ አለ። አንድን ቋንቋ የሚናገሩት ጥቂት መቶ ሰዎች ሲሆኑ ግን የተመዘገበው አስተርጓሚም በሆነ መንገድ ዘመድ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ታካሚውን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ወንድ ይሁን ሴት? ከየትኛው ወገን? ስሙን እንንገርዎት፣ ይስማማዎታል? አንዳንዱ ሰው ከመንደሩ ውጭ ያለ ሰው በስልክ ብቻ ቢያስተረጉምለት ይመርጣል። የአባለዘር ወይም የማኅፀን ምርመራ ውጤት ከሆነ ደግሞ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ስልኩ መነሳት የለበትም።

"አዎ" ማለታቸውንም አትመኑ። ባለሥልጣን መሳይ ሰው በማይገባው ቋንቋ ሲጠይቀው ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት አዎ የሚል ሰው ብዙ ነው። የእኛም እናቶች ያደርጉታል። ከዚያ ፎርም ይፈረማል። ሰውየው ምን እንደሚቆረጥለት ሳያውቅ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል።

ተማሪ ነኝ (አዲስ አበባ)

ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። የሕክምና ተማሪ ነኝ። የሟች ስም አይጠራም ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ነው? ሆስፒታል ውስጥስ ምን ይደረጋል?

ሐኪም ከአሊስ

እውነት ነው፣ ግን እንደየማኅበረሰቡ ይለያያል። እዚህ መሃል አውስትራሊያ ሰው ሲሞት ስሙ ለረጅም ጊዜ አይጠራም። ሞክሼው ጭምር ስሙን ይተውና ኩማንጃይ በሚል ምትክ ስም ይጠራል። ታካሚ መዝገቡ ላይ ያለውን ስም ስንጠራው ዝም ካለ መጀመሪያ ይህን መጠርጠር ነው። ተራ መጠበቂያው ውስጥ በማይክራፎን ስም ማስጮህ የሐዘን ቤት ውስጥ ገብቶ እንደ መጮህ ነው። ስለዚህ ነርሷ ሄዳ አጠገባቸው ተቀምጣ በለሆሳስ "አሁን በምን ስም ልጥራዎት?" ብትል ይበቃል። ፎቶም እንዲሁ፤ ሳይፈቅዱ ቁስል ፎቶ አይነሳም፣ ሰውየው ካረፈ በኋላ ምስሉ የትም አይታይም።

ሰው ዋርድ ውስጥ ሲያርፍ ቤተሰቡ ክፍሉን በቅጠል ጭስ ማጠን ይፈልግ ይሆናል። የእሳት ማንቂያው ይጮሃል ተብሎ ነው ብዙ ጊዜ የሚከለከለው። ማንቂያውን ለጊዜው የሚያጠፋ የጥገና ሠራተኛ መጥራት ከባድ ነገር አይደለም። እኛ ጋ ይደረጋል።

ቀጥተኛው (ሜልቦርን)

ዶክተር፣ ስለ ደሴቶቹ የጻፉትን አላውቅም ነበር። ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ታሪኩ አልከራከርም።

አሁንም ግን ተግባሩ ላይ ጥያቄ አለኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ነርስ ለሃያ ምናምን ታካሚ ነው። የቱ አስተርጓሚ ይገኛል? የቱ ባዶ ክፍል አለ? ወረቀት ላይ ያምራል፤ ሌሊት የሚሠራው ሰው ምን ያድርግ?

የማታ ነርስ (አደላይድ)

የምሠራው ሌሊት ስለሆነ ይህን እኔ ልመልሰው።

ብዙው ነገር ተጨማሪ ሰው አይፈልግም። የፈረቃ ርክክብ ስናደርግ የታካሚውን ጉዳይ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመን አናወራም፤ ገመና የሆነው ነገር በር ዘግተን ነው የሚነገረው። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) የሚገባላቸው እማማ ከሆኑ ሴት ነርስ ከሌላ ዋርድ ለአሥር ደቂቃ እጠራለሁ፤ እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም። ጋውን ሁለት እሰጣለሁ፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ከላይ ብርድ ልብስ። ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ ቆሜ ቁልቁል አላወራም። ዓይን ዓይናቸውን ማየት አይወዱም ብዙዎቹ፣ እኔም አላፈጥም። ጥያቄ ጠይቄ ዝም ስባል ዝም እላለሁ። መልሱ ይመጣል፤ ቆይቶ ነው እንጂ ይመጣል።

ስልክም አለ። ክሬዲት ያለቀበት ሰው ቤቱ መደወል አይችልም። የዋርዱን ስልክ ይዤላቸው እሄዳለሁ። አንድ አባት ከመንደራቸው የክሊኒክ ሠራተኛ ጋር አገናኘኋቸው፤ የልጅ ልጃቸውን አስጠሩ። ለሊቱን ሙሉ "እሄዳለሁ" ሲሉ የነበሩ ሰው ተኝተው አደሩ።

አስተርጓሚ ሌሊት አይገኝም ላልከው፣ ትክክል ነህ። ግን የሞት የሽረት ነገር ካልሆነ ፎርም በሌሊት ለምን ይፈረማል? ጠዋት ይጠበቅ። ዳርዊን ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚዎች ከኩላሊት ሐኪሞቹ ጋር አብረው ራውንድ እንዲዞሩ ተደርጎ ነበር። ሕክምናውን አቋርጦ የሚወጣው ሰው ቀነሰ። ይህን ለአለቆቼ አንስቻለሁ፤ አሁንም አነሳለሁ።

ደግሞ ለመልካምነት የሚደረግ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የእኛ የነርሶች የሥነ ምግባር ደንብ የታካሚውን ባህል የሚያከብር ደኅንነት ያለው አገልግሎት እንድንሰጥ ያስገድደናል። ሐሳቡን ያመጡት ኢሪሃፔቲ ራምስደን የሚባሉ የኒውዚላንድ ማኦሪ ነርስ ናቸው። የእሳቸው ሐሳብ አገልግሎቱ ክብር ያለው መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው ተቀባዩ ነው የሚል ነው። እኔ "ጥሩ አስተናግጃለሁ" ብል ዋጋ የለውም። እማማ ናቸው የሚናገሩት።

አዋላጅ (ዳርዊን)

ስለ እናቶች ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሩቅ መንደር ያለች እርጉዝ 38ኛ ሳምንቷ ላይ ስትደርስ ወደ ከተማ ትመጣለች። ማረፊያ ቤት ተቀምጣ ምጧን ትጠብቃለች። ትልልቆቹ ልጆቿ መንደር ናቸው። እናቷ መንደር ናት። ይህን ፈርተው ቀናቸውን አሳስተው የሚናገሩ፣ ክትትል የሚያቆሙም አሉ። አይፈረድባቸውም።

ምጥ ላይ ያለች ሴት ክፍል ውስጥ ማን እንደሚገባ የምትወስነው እሷ ናት። እኔ በሩ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ፤ "ሳታንኳኳ፣ ሳይፈቀድልህ አትግባ"። ተማሪ ከሆነ አስቀድሞ ይጠየቅላታል፤ እምቢ ካለች እምቢ ነው። የእንግዴ ልጇን ይዛ ወደ አገሯ መመለስ የምትፈልግ ካለች አሽገን እንሰጣታለን። ወረቀቱ ቀላል ነው።

ተንከባካቢ (አሊስ ስፕሪንግስ)

እኔ ከሁሉም ዕድለኛ ነኝ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሲስተካከል አይቻለሁ።

እዚህ በረሃ ውስጥ የኩላሊት ሕመም ብዙ ነው። የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው። ድሮ ኪንቶር በምትባል ሩቅ መንደር የሚኖር ሰው ኩላሊቱ ሲደክም 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አሊስ መኖር ነበረበት፤ ማለትም እስኪሞት። ሽማግሌዎቹ ከተማ መጥተው ያለ ሥራ፣ ያለ ሥርዓት፣ ያለ ልጅ ልጅ ይቀመጡ ነበር። መንደሩ ደግሞ አስተማሪ አልባ ሆነ።

የኪንቶርና የኪዊርኩራ ሠዓሊዎች ምን አደረጉ? ትልልቅ ሥዕሎች ሣሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ በሚገኘው የኒው ሳውዝ ዌልስ የሥዕል ሙዚየም ጨረታ ወጣ። ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ። በዚያ ገንዘብ ተነሥተው በ2004 ኪንቶር ውስጥ የመጀመሪያውን እጥበት አደረጉ። ድርጅቱን ዛሬ ፐርፕል ሃውስ ብለው ይጠሩታል፤ ሐምራዊው ቤት። ባለቤቶቹና አለቆቹ አቦርጂናሎቹ ራሳቸው ናቸው። የእጥበት ማሽን የተገጠመለት ሐምራዊ የጭነት መኪናም አላቸው፤ ሰው ለለቅሶ ወይም ለበዓል አገሩ ሲሄድ ተከትሎት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ሩቅ ቦታ ለሚሰጥ እጥበት ሜዲኬር፣ የመንግሥት የጤና መድኑ፣ ይከፍላል።

አሊስ ያለውን ቤታቸውን ብታዩት! ጓሮው ውስጥ እሳት ይነዳል። ሥጋ ይጠበሳል። ሰው መርፌው ተሰክቶበት ከዘመዶቹ ጋር በራሱ ቋንቋ ያወራል። የባህል መድኃኒት ቅጠል ይቀቀላል፣ ቅባት ይሠራል። ማሽኑ ሆስፒታል ካለው ጋር አንድ ነው፤ ውሃውም፣ መርፌውም ያው ነው። ሰዎቹ ግን አይጠፉም፣ አያቋርጡም። ቀጥተኛው ወንድሜ፣ ምላሼ ይህ ነው። ገንዘብ የለም፣ ሰው የለም በተባለበት ቦታ እነሱ ራሳቸው ሠርተው አሳዩ።

ቀጥተኛው (ሜልቦርን)

እሺ፣ እዚህ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። የጭነት መኪናውን ነገር ለልጆቼ ነገርኳቸው። ስለ ሠራተኛ እጥረት ያልኩትን ግን አልተውም፤ መንግሥት መጠየቅ አለበት። ነርሶቹ ብቻቸውን አይችሉትም።

የማታ ነርስ (አደላይድ)

እሱ ላይ አንድ ነን።

የፐርዝ ሹፌር

ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። የአስታማሚ ፈቃድ ሲከለከል ምን ማድረግ ይቻላል? ነገ የማመላልሳቸው እናት አሉ፤ ልጃቸው ትምጣልኝ ብለው ተከልክለዋል።

ሐኪም ከአሊስ

ጋሼ፣ ይቻላል። ታካሚዋን የላከው ክሊኒክ ድጋሚ እንዲጽፍ ያድርጉ። "አስታማሚ ያስፈልጋል" የሚል አንድ መስመር አይበቃም። ምክንያቱ ይዘርዘር፤ እንግሊዝኛ አይሰሙም፣ ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ መስጠት አለባቸው፣ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ሲራመዱ ይወድቃሉ፣ ያለውን ሁሉ። ሆስፒታሉ ውስጥ የአቦርጂናል ታካሚዎች አገናኝ ሠራተኛ አለ፤ እሷን ዛሬውኑ ያግኟት፣ እንዲህ ያለውን የምታውቀው እሷ ናት። ይህም እምቢ ከተባለ በየክፍለ ግዛቱ የጤና አገልግሎት ቅሬታ የሚቀበል ነፃ ቢሮ አለ። ፎርሙን እናቲቱ መሙላት ካልቻሉ እሳቸው ፈቅደው ሌላ ሰው ሊሞላላቸው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እናትየውን ይጠይቋቸው፤ መምጣት ያለባት ያቺው ልጃቸው ናት ወይስ እህታቸው? ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው እሳቸው የመረጧት ትሁን።

የፐርዝ ሹፌር

እሺ ዶክተር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የማነሳቸው። እጠይቃቸዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ክሊኒኩ እደውላለሁ።